የማይመለስ ቅጂ፦ የተቋማት መረጃ መጠባበቂያ ከሐረር አንጻር



የዛሬው ንግግሬ የተቋማት መረጃ ከጥፋት እንዴት እንደሚተርፍ ይመለከታል። ጉዳዩ ለጁገል ባዳ አይደለም። ይህች ከተማ የእጅ ጽሑፍ መገልበጫና መጠረዣ ማዕከል ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1855 የመጣው ሪቻርድ በርተንም የጠራዦቿን ጥበብ አድንቆ ጽፏል። በሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየም የምናያቸውን የመሳሰሉ መጻሕፍት ለእኛ የደረሱት፣ ጸሐፊዎች ደጋግመው ስለገለበጡና ቤተሰቦች ስለጠበቁ ነው።

በሙያችን የታወቀ አንድ ደንብ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም ከሌላ ስፍራ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ይህን አሟልቶ ነበር። ብራናው ከባለቤቶቹ ዘንድ ቀረ፤ አንዱ ፊልም አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ።

ደንቡ ሲጣስ የሚሆነውን ደቡብ ኮሪያ አሳይታናለች። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በዴጆን ከተማ የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ውስጥ የሊቲየም ባትሪዎች ተቀጣጠሉ። የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዶቻቸውን ያኖሩበት 858 ቴራባይት የያዘ ማከማቻ ወደመ። መጠኑ ብዙ ነው ተብሎ ከሕንፃው ውጭ ቅጂ አልተዘጋጀለትም ነበር።

ቅጂ መኖሩም ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ የጊትላብ ባለሙያ ዋናውን ዳታቤዝ በስህተት ሲያጠፋ፣ ድርጅቱ ከነበሩት አምስት የመጠባበቂያ ዘዴዎች አንዱም በወጉ አልሠራም። ያተረፈው ለሌላ ሥራ ከስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ ቅጂ ነው። ከጥፋቱ በፊት ማንም መመለሱን አልፈተነም።

በከተማችን ባየኋቸው አንዳንድ ቢሮዎች ሰርቨሩ፣ የመጠባበቂያ ዲስኩና የዩፒኤስ ባትሪው በአንድ ክፍል ተቀምጠዋል። እሳት ቢነሣ ሦስቱም አብረው ይጠፋሉ። ዲስኩ ዘወትር ከሰርቨሩ ጋር ተሰክቶ ከዋለ ደግሞ፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሁለቱንም በአንድ ሌሊት ይዘጋቸዋል። የሚጠፋው የታካሚ ካርድ፣ የይዞታ ማኅደር፣ የተማሪ ውጤት ነው።

መፍትሔው ከአቅማችን በላይ አይደለም። የመጀመሪያውን ሙሉ ቅጂ በዲስክ በመኪና ወደ አዲስ አበባ መላክ፣ ከዚያ በኋላ የዕለቱን ለውጥ ብቻ ሌሊት በመስመር ማስተላለፍ ይቻላል። በአገር ውስጥ የኢትዮ ቴሌኮም ክላውድ፣ በአይሲቲ ፓርክም ራክሲዮና ዊንጉን የመሳሰሉ የግል የመረጃ ማዕከላት አሉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለወጣም፣ የሰው መረጃ ለሌላ ወገን ሲሰጥ ኃላፊነቱ በውል መጻፍ አለበት።

ሻጩ ስለ ቴራባይትና ስለ ዋጋ ይነግራችኋል። እናንተ ግን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ጥፋት ቢደርስ የስንት ሰዓት ሥራ እናጣለን? በስንት ሰዓትስ ወደ ሥራ እንመለሳለን? መልሱን በውሉ አስፍሩ። በየሦስት ወሩም አንድ ማኅደር ከቅጂው አስመልሳችሁ በዓይናችሁ አንብቡት። ያልተነበበ ቅጂ ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም።