በዜግነት ሰነድ ግርጌ የሚገኙ እማኞች



የዜግነት ሰነድ ሲመረመር ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በባለጉዳዩ ስም፣ በቀኑና በማኅተሙ ላይ ነው፤ በግርጌ የሰፈሩት የእማኞች ስሞች ብዙ ጊዜ ሳይነበቡ ይታለፋሉ። ሆኖም የልደት መዝገብ ባልነበረበት ዘመን ከሩቅ አገር መጥቶ ለሰፈረ ሰው ማንነቱን ለመንግሥት ያስረዱለት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ለዚህ መተማ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ወደ መካ ለሐጅ ይጓዙ ከነበሩት ወገኖች ከፊሎቹ በዚያ ቆላ ቀርተው፣ ተክሩር በሚል ስም ታውቀው፣ እያረሱና እየነገዱ ኖረዋል። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥትና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው የወሰን ውል መተማን ከወዲህ፣ ገላባትን ከወዲያ ሲያደርግ ጎረቤት ከጎረቤቱ በሁለት መንግሥት ሥር ዋለ።

ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ከአባት ወይም ከእናት የሚወረስን ዜግነት መሠረት አደረገ፤ ከውጭ አገር ሰው ደግሞ የ5 ዓመት ኑሮ፣ ራሱን የሚችልበት መተዳደሪያና የአማርኛ ዕውቀት ጠየቀ። በ1996 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 378ም የትውልድን መሠረት አልለቀቀም። እንግዲህ የአያት ሰነድ ከጸና የልጅ ልጅም ይጸናል፤ ከተጠረጠረም ጥርጣሬው ለትውልዱ ይተርፋል።

እማኙን ለመለየት ስሙ ብቻ አይበቃም። በአገራችን የቤተሰብ ስም ስለሌለ፣ የራሱና የአባቱ ስም አንድ የሆነ ሰው በአንድ ገበያ ውስጥ እንኳ ብዙ ነው። ስለሆነም የአያቱ ስም፣ መኖሪያው፣ ሥራውና ባለጉዳዩን ያወቀበት ምክንያት ይፈለግ፤ በግብር ደረሰኝ፣ በፍርድ ቤት መዝገብና በጋብቻ ውል ላይም ስሙ ይነጻጸር፤ ሽማግሌዎችም ይጠየቁ። በብዙ ሰነዶች ላይ የሚደጋገም እማኝ ሁሉ የሚያውቀው የአገር ሽማግሌ ሊሆን ይችላል፤ በጽሕፈት ቤት ደጃፍ የሚውል የክፍያ ምስክርም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለየው የሌሎቹ ሰነዶች ንባብ ነው።

የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ገና በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም የሱዳንን ጦርነት የሸሹ ብዙ ሰዎች በዚያው በመተማ በር ገብተዋል። ዛሬ ስለ እነርሱ የሚመሰክረው ሰው ማን እንደሆነ በሚገባ ካልተጻፈ፣ የነገው መርማሪም በግርጌው ላይ ባዶ ስም ብቻ ያገኛል።