ዶሮ ማርባት በልክና በደንብ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዶሮ ነው። ዶሮ ደግሞ ምን ያወያያል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ጨውና ሳሙና የሚገዛው፣ የልጆች ደብተር የሚሟላው ብዙ ጊዜ በእንቁላል ገንዘብ ነው። ከጎረቤት የሚያጣላንም ዶሮ ነው።

በስንት እንጀምር? 5 ቄቦችና 1 አውራ ዶሮ ይበቃሉ። ያገራችን ዶሮ ጥሬ እየለቀመች በዓመት ከ40 እስከ 60 ያህል እንቁላል ትጥላለች። እስቲ እናስላ። አንዷ 50 ብትጥል፣ አምስቱ 250 ይጥላሉ። ለጀማሪ ይህ ትንሽ አይደለም።

ግን አንድ ነገር አንርሳ። ዶሮ ቶሎ ይረባል። አንዷን 12 እንቁላል ብናስታቅፋት በ21 ቀን ትፈለፍላለች። 9 ጫጩት ብናገኝ፣ 6 የነበሩት 15 ሆኑ ማለት ነው። ሁለተኛዋም እንዲሁ ብትፈለፍል 24 ይሆናሉ። ታዲያ ጓሯችን ይችላቸዋል? ደንቡስ ይፈቅዳል?

አዎ፣ ደንብ አለ። በከተማና በከተማ ዳር የእንስሳትን ብዛትና ቦታ የሚወስን ደንብ ሊኖር ይችላል። በገጠርም መንደሩ የተስማማበት መተዳደሪያ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ዶሮ ቤቱን ሳንሠራ ቀበሌ ሄደን እንጠይቅ። ስንት ዶሮ ይፈቀዳል? ጫጩት ይቆጠራል ወይ? ቤቱ ከጎረቤት አጥርና ከውኃ ጉድጓድ ምን ያህል ይራቅ? ወረቀቱ ካለ ራሳችን እናንብበው። ዱሮ ሌላ ሰው እንዲያነብልን እንለምን ነበር። አሁን ፊደሉ የእኛ ነው።

ደንብ የለም ቢባልስ? ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 2071፣ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። «ሳላውቅ አመለጠችብኝ» ማለት አያድንም። ዶሯችን የጎረቤትን የጎመን መደብ ብትጭር ዕዳው የእኛ ነው። እንግዲህ በዘርና በችግኝ ጊዜ ዶሮዎቹን አጥር ውስጥ እናውላቸው። ያን ጊዜ ለቅመው ስለማይጠግቡ እህልና ቅጠል እንስጣቸው። ንጹሕ ውኃም አይጉደልባቸው።

ለ6 ዶሮ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ ቤት ይበቃል። ከእንጨትና ከጭቃ ይሠራል። ቆጥ እናብጅለት። አየር ማስገቢያ ይኑረው። ሽለምጥማጥ እንዳይገባ ማታ ማታ በሩን እንዝጋ። ኩሱን እየጠረግን ለጓሮ ማዳበሪያ እናጠራቅመው። ያን ጊዜ ሽታው ጎረቤት አይሄድም።

ከሁሉ የሚከፋው ጠላት ፈንግል ነው። የታመመች ዶሮ ታለከልካለች፤ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፤ አንገቷ ይጠማዘዛል። ፈንግል አጥር አያግደውም። አንድ ቤት ከገባ መንደሩን ባዶ ያደርጋል። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። የሚሰጠው ለጤነኛ ዶሮ ነው፤ የታመመችውን አያድንም። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚበቃ ክረምት ሳይገባ ከጎረቤት ጋር ተስማምተን ባንድ ቀን እናስከትብ። የእንስሳት ሐኪሙ ድገሙ ባለን ቀንም እንድገም። ከገበያ የገዛናትን ዶሮ ለሁለት ሳምንት ለብቻዋ እናቆያት። የሞተችውን እንቅበር። የታመመችውን ገበያ አንውሰድ፤ የሌላውን ሰው ቤት ማጥፋት ነውና።

ዶሮው ከልክ እንዳያልፍስ? ገበያውን እንወቅ። በዓቢይ ጾም እንቁላል ገዢ ያጣል። የምናስታቅፈውን ያን ጊዜ እናስታቅፍ። ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽና ለገና ዶሮ ይወደዳል። የበዛውን ያን ጊዜ እንሽጥ። በደብተራችንም የተጣለውን፣ የተሸጠውንና የሞተውን በየቀኑ እንጻፍ። በዓመቱ ትርፍና ኪሳራችንን ራሳችን እናነበዋለን።

እንግዲህ መጀመሪያ ቀበሌ እንሂድ። ቀጥለን ጎረቤትን እናማክር። ከዚያ ቤቱን እንሥራ። ገበያ የምንወጣው በመጨረሻ ነው።