ቀጠሮ በሌለን ቀን
(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ)

የዛሬው ምንባባችን የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ከቁጥር 21 እስከ 43 ነው። መጽሐፍ ቅዱስ አጠገባችሁ ካለ ግለጡ። መኪና የምትነዱ ግን መንገዳችሁን እዩ፣ ታሪኩን እኔ እተርክላችኋለሁ። ከዚያ በፊት ግን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

የእናቴ ዓይን እየደከመ መጣ። ጤና ጣቢያ ታይታ ሪፈር ተጻፈላትና ወደ አንድ ሆስፒታል ሄደን ካርድ አወጣን። ወሩ መጋቢት ነበር። ወረፋው ብዙ ስለሆነ ቀጠሮ ተሰጠን፤ በትንሽዋ ወረቀት ላይ 8/9 ተብሎ ተጽፏል። እኔ ደግሞ የተማርኩ ነኝ አይደል? ዘጠነኛው ወር ግንቦት ነው። «እማዬ፣ ግንቦት 8 እንመጣለን» አልኳትና ወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ከተትኩት።

ግንቦት 8 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን ሁለት ታክሲ ቀይረን ደረስን። መስኮቱ ጋ የደረስነው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ወረቀቱን አየችና፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ በፈረንጅ ነው። ሴፕቴምበር 8። በእኛ ጳጉሜ 3 ይሆናል» አለችኝ። ቁጠሩት እንግዲህ፤ 115 ቀን ቀድመን ነው የመጣነው!

ወገኖቼ፣ እዚህ ጋ ነው ሥጋዬ የተነሳው። «በሀገራችን በእኛ አቆጣጠር ለምን አትጽፉም? አሮጊት ሴት በሌሊት ታስነሳላችሁ?» እያልኩ ጮህኩባት። ያነሳሁት ጥያቄ ስህተት ነው አልልም፤ ዛሬም ቢሆን ወሩን በስሙ ቢጽፉልን ደስ ይለኛል። ግን እኔም ያን ቀን «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብዬ አንዲት ቃል አልጠየቅኩም። ጥፋቴን እዚያች ልጅ ላይ ነው የደፋሁት። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ከኋላዬ ከተሰለፉት አንዱ «ፓስተር አይደሉም እንዴ?» ሲል ሰማሁት። ምን ልበላችሁ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እኔ ስከራከር እማዬ «በቃ ልጄ፣ እንሂድ» ብላ ወደ በሩ ዞረች። ስትዞር የጽዳት ሠራተኛዋን ባልዲ በግራ እግሯ መታችውና ውኃው ተደፋ። ይቅርታ እየጠየቀች ሁለት እርምጃ ሄዳ ደግሞ በግራ ትከሻዋ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨች። ካርዶች ታቅፋ የምታልፍ አንዲት ነርስ ቆም ብላ አየቻት። «እማማ፣ ባልዲው አልታየዎትም?» አለቻት። «እርጅና ነው ልጄ» አለች እማዬ። ነርሷ ግን አልሄደችም። ጣቷን በእናቴ ፊት በግራ በቀኝ እያንቀሳቀሰች ጠየቀቻትና እጇን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻት። ያለ ቀጠሮ፣ ያለ ተራ!

የዓይኗ ግፊት ተለካ። ጤናማ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ነው። የእናቴ ግራ ዓይን 38፣ ቀኙ 31 ሆኖ ተገኘ። ግላኮማ ነው አሉን። ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። በዝምታ የዓይንን ነርቭ ይጎዳል፤ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው የዳር ዳሩ ነው፤ ሰው ፊት ለፊቱ ስለሚታየው ደህና ነኝ ይላል። የጠፋው ብርሃን ደግሞ በሕክምና አይመለስም። ሐኪሙ ግራውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ስለ ቀኙ ግን «በዚህ ግፊት እስከ ጳጉሜ መቆየት አደገኛ ነበር። አሁን እንደርስበታለን» አለን። የዚያኑ ዕለት ጠብታ ጀመረች።

ወደ ኢያኢሮስ እንምጣ። የምኩራብ አለቃ ነው፤ የ12 ዓመት ልጁ ልትሞት ተቃርባለች። ኢየሱስን ለምኖ እሺ አሰኝቶታል፤ መንገድ ጀምረዋል። በመካከል አንዲት ሴት መጣች። 12 ዓመት ደም የፈሰሳት፣ ገንዘቧን በብዙ ሐኪሞች ጨርሳ የባሰባት ሴት። ማንም አልጠራትም፣ ቀጠሮም የላትም። ከኋላ መጥታ ልብሱን ነካች። ጌታም ቆመ! ማን እንደነካው ጠየቀ፣ እስክትናገር ጠበቀ፣ ታሪኳን ሁሉ ሰማ። በኢያኢሮስ ጫማ ውስጥ ሆናችሁ ይህን ቆይታ አስቡት። እኔ ብሆን ኖሮ፣ መስኮቱ ጋ አይታችሁኛል፣ በዚያች ሴት ላይ እጮህባት ነበር።

ጌታ ገና ሲናገር የልጅቷ ሞት መርዶ መጣ። እዚህ ላይ ቶሎ አልፌ ወደ ትንሣኤው መሮጥ አልፈልግም። ይህን ስብከት ከምትሰሙት መካከል ቀጠሮ ተዛብቶበት፣ ወረፋ ረዝሞበት የቀበረ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። «የእናትህ ዓይን ተረፈ፣ የእኔስ?» ብትሉኝ፣ ቁጭ ብዬ ከእናንተ ጋር አለቅሳለሁ እንጂ የተዘጋጀ መልስ የለኝም። ወረቀቱን እንዳላስተውል ያደረገኝ እግዚአብሔር ነው ብዬም አልሰብክም። ያላስተዋልኩት እኔ ነኝ። እርሱ ግን በእኔ ግድየለሽነት ሥራው አልቆመበትም። ኢያኢሮስንም በመርዶው ሰዓት ብቻውን ወደ ቤቱ አልሰደደውም፤ አብሮት ሄደ፣ የልጅቷን እጅ ይዞ አስነሳት፣ የምትበላውም እንዲሰጧት አዘዘ። ከሞት ለተነሳች ልጅ ምሳ ማሰብ! ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የእማዬ ግራ ዓይን እንደነበረ ነው። ሽማግሌዎች ዘይት ቀብተው ጸልየውላታል፣ አሁንም እንጸልያለን። ጠብታውን ግን አንድም ማታ አላቋረጥንም። «እምነት ካለህ ተወው» ያሉኝ ወንድሞች ነበሩ፤ በፍቅር እምቢ አልኳቸው። በቀኝ ዓይኗ ዛሬም በትልልቅ ፊደል የታተመውን መጽሐፍ ቅዱሷን ታነባለች።

ግላኮማ በቤተሰብ ስለሚሄድ፣ በተለይ ከ40 ዓመት በላይ የሆንን ልጆቿ እንድንመረመር ተነገረን። እናንተም በቤታችሁ ይህ ሕመም ካለ ዓይናችሁን አስለኩ። እኔ ሄጄ ለጊዜው ደህና ነህ፣ በየዓመቱ ተመለስ ተብያለሁ። መስኮቱ ላይ ያቺው ልጅ ነበረች። «እህቴ፣ ግንቦት 8 ቀን የጮህኩብሽ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ» አልኳት። ትንሽ አየችኝና፣ «ጋሼ፣ ረስቼዎታለሁ። በቀን ስንት ሰው ይጮህብናል» አለች። ከዚያም ሳልጠይቃት የቀጠሮዬን ወር በፊደል ጻፈችልኝ።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ ነገ በሌሊት ተነስተው ወረቀታቸውን ይዘው የሚሰለፉትን አስብ። በመስኮቱ በወዲያ በኩል ተቀምጠው የሚጮህባቸውንም አስብ። ዛሬ መርዶ የደረሰውን አባት ቤቱ እስኪገባ አብረኸው ሂድ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።