የዘበኛው ደመወዝ ምጽዋት አይደለም

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ አንድ ነዋሪ ካደረጉት ንግግር)



 እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ ከእናንተ አብዛኛው ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት ነው። ቢሆንም የማነሣው ጉዳይ የሁላችንንም ደጃፍ ያንኳኳል።

ባለፈው ወር የሌሊት ዘበኛችንን ሱቅ በር ላይ አገኘሁት። ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩን ዘርግቶ «ያለፈውን ሳትዘጋ ሌላ ዱቄት አልሰጥም» ይለዋል። እኔን ሲያይ አንገቱን ደፋ። ለካስ የወሩ ደመወዝ ገና አልተከፈለውም! መዋጮ ካላገቡት ቤቶች አንዱ ደግሞ የእኔ ቤት ነበር። በፋሲካ አሮጌ ኮቴን ሰጥቼው መርቆኛል፤ እኔም ደግ የሆንኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የራሱን ገንዘብ ይዞበት ኮት መስጠት ደግነት ነው እንዴ?

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ በ1883 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1891) «ሬረም ኖቫሩም» የተባለውን መልእክት ስለ ሠራተኞች ጽፈዋል። በዚያም ሠራተኛው ችግር አስገድዶት በትንሽ ገንዘብ ቢስማማ እንኳ «ተስማምቷል» ማለት ብቻውን እንደማይበቃ፣ ደመወዙ ቆጥቦ ለሚኖር ሰው የሚበቃ መሆን እንዳለበት አስተምረዋል። ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረጡት ሊዮ 14ኛም ስሙን የመረጡት በተለይ ያንን መልእክት አስበው መሆኑን ተናግረዋል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘመንም የሠራተኛ ክብር ጥያቄ አላበቃምና።

ይህ የካቶሊክ ትምህርት ብቻ አይደለም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የተከለከለ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ይነግረናል። በእስልምናም ሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ይከፈለው የሚል ትምህርት አለ።

አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካ ሰፈር ነው። በጨርቃ ጨርቁም በብረታ ብረቱም ሠርተን ያደግን ብዙ ነን፤ ደመወዝ ሲዘገይ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ነጋሪ አያሻንም። ዛሬ ግን እኛው አሠሪዎች ሆነናል፦ ዘበኛ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ልብስ አጣቢ፣ የቀን ሠራተኛ እንቀጥራለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያገለግሉትን አይሸፍንም። ስለሆነም ጠበቃቸው የእኛው ሕሊና ነው።

እንግዲህ ሦስት ነገር ልለምን። አንደኛ፣ የጥበቃ መዋጮ ወሩ ሳያልቅ ይግባ። ሁለተኛ፣ የቤት ሠራተኛ ደመወዟ በወሩ በእጇ ይሰጣት፤ የዕረፍት ቀንም ይኑራት። ሦስተኛ፣ ጤፍና ዘይት ሲወደድ ለእነሱም ስለሚወደድ በየዓመቱ ደመወዛቸውን ቁጭ ብለን እንይ።

እኔ የዘገየብኝን ከፍያለሁ፤ ዘበኛችንንም ይቅርታ ጠይቄያለሁ። «ግድ የለም ጋሼ» አለኝ። ግን ግድ አለው፤ ደብተሩ ሱቅ ውስጥ አለ።