በመከራ ጊዜ እግዚአብሔርን ማመን

(ማንበብና መጻፍ ተምረው ላጠናቀቁ ጎልማሶች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ እምነት ነው። እኔ ቄስ አይደለሁም። መምህርም አይደለሁም። እንደ እናንተው ገበሬ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ካደግሁ በኋላ፣ በ1972 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያን ጊዜ አግብቼ ልጅ ወልጄ ነበር። እርሳስ መያዝ ሞፈር ከመያዝ ይልቅ ይከብደኝ ነበር። ስለዚህ የማላውቀውን አልነግራችሁም። የደረሰብኝንና ያነበብሁትን ብቻ እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት መንገድ ላይ አስቆመችኝ። እንደምታውቁት በረዶ የብዙዎቻችንን እህል መትቶታል። የእርሷም ማሳ ተመትቷል። «ጾሜን አልገደፍሁ፤ ጸሎቴን አላቋረጥሁ፤ የሰው ድንበር አልገፋሁ። ታዲያ እግዚአብሔር ለምን እንዲህ አደረገኝ? ከእንግዲህስ እንዴት አድርጌ ልመነው?» አለችኝ።

ወዲያው አልመለስሁላትም። እንዲህ ያለ ጥያቄ በችኮላ አይመለስም። ይህ ንግግር ለእርሷ የምሰጠው መልስ ነው። ምናልባት ከእናንተም መካከል ያንኑ ጥያቄ በልቡ የያዘ ሰው ይኖር ይሆናል።

የእኔ ክፉ ቀን

የተወለድሁት ወሎ ነው። በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ረሃብ ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ። ዝናቡ ቀረ። በመጀመሪያ ፍየሎቹን ሸጥን። ቀጥሎ በሬዎቹን ሸጥን። በመጨረሻ ለዘር ያስቀመጥነውን በላን። ዘሩን የበላ ገበሬ ምን ማለት እንደ ሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ለሌላ ሰው ማስረዳት ይከብዳል።

ወደ እርዳታ ጣቢያ ስንሄድ የአራት ዓመት ልጄ መንገድ ላይ ሞተች። ቀበርናትና ሄድን። ለቅሶ የሚደርስ ሰው አልነበረም። ሁሉም የራሱ ሐዘን ነበረው።

ከዚያ በኋላ ከብዙ ሺህ ሰዎች ጋር በሠፈራ ወደዚህ ወደ ኢሉባቦር መጣን። አገሩ ለምለም ነው። ለእኔ ግን ሁሉም ጨለማ ነበር። ቋንቋውን አላውቅም። ደኑ ያስፈራኛል። ወባው ያንቀጠቅጠኛል። ያን ጊዜ መጸለይ ተውሁ። «ፈጣሪ ሳይደግስ አይጣላም» ሲሉኝ እናደድ ነበር። የሞተችው የእኔ ልጅ ናት፤ የምን ድግስ ነው የምትሉኝ? እል ነበር።

ባለቤቴ ግን ብልህ ናት። «ጸልይ» አላለችኝም። «አንተ ማንበብ ትችላለህ፤ እኔ አልችልም። ማታ ማታ አንብብልኝ» ብቻ አለችኝ። እሺ አልኋት። በኩራዝ ብርሃን ማንበብ ጀመርሁ። ለእርሷ ስል እንጂ አምኜ አልነበረም። እንዲህ እንዲህ ስንል መጽሐፈ ኢዮብ ላይ ደረስን።

ኢዮብ ለምን ጮኸ?

መጽሐፈ ኢዮብ 42 ምዕራፎች አሉት። ኢዮብ ደግ ሰው ነበር። ከብቱ ተዘረፈ፤ ልጆቹ ባንድ ቀን ሞቱ፤ ሰውነቱ ቆሰለ። ሦስት ወዳጆቹ ሊያጽናኑት መጡ። ሰባት ቀን አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። ካደረጉት ነገር ሁሉ ይህ ይበልጣል።

አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ነገሩ ተበላሸ። «ያለ ኃጢአትህ ይህ አይደርስብህም፤ ንስሐ ግባ» እያሉ ወቀሱት። ኢዮብ ግን አልተቀበላቸውም። የተወለደበትን ቀን ረገመ። ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ ተከራከረ፤ ለምን? አለ።

እኔ በዚህ ጊዜ እግዚአብሔር ኢዮብን የሚያጠፋው መስሎኝ ነበር። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ስደርስ ግን ሌላ ነገር አገኘሁ። እግዚአብሔር ለኢዮብ ተናገረው፤ ሰው ትንሽ መሆኑንም አሳየው። የተቆጣው ግን በወዳጆቹ ላይ ነው። እንደ ኢዮብ ትክክለኛውን እንዳልተናገሩ ነገራቸው። ለምን እንደ ተሠቃየ ግን ለኢዮብ እንኳ አልነገረውም።

እዚያ ላይ ማንበቤን አቆምሁ። ባለቤቴ «ምነው?» አለችኝ። «መጮህ ይቻላል እኮ!» አልኋት። ለእኔ ይህ አዲስ ነገር ነበር። እምነት ማለት ሐዘንን መዋጥ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ወደ እግዚአብሔር የሚጮህ ሰው እግዚአብሔርን አልተወም። የማያምን ሰውማ ወደ ማን ይጮሃል? በዚያች ሌሊት ከአንድ ዓመት በኋላ ጸለይሁ። ጸሎቴ ልቅሶ ብቻ ነበር።

ሂካ የተባለው ልጅ

የአገሩ ተወላጅ የሆነ አንድ ጎረቤት ነበረኝ። መጀመሪያ መቆፈሪያ አዋሰኝ። ቀጥሎ የቡና ችግኝ ሰጠኝ። ቋንቋውንም ቀስ በቀስ አስተማረኝ። አንድ ቀን ልጄ እንዴት እንደ ሞተች ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «እዚሁ አገር ተወልዶ ከእናቱ እጅ የተነጠቀ አንድ ሰው ነበረ። ታሪኩን ልንገርህ» አለኝ። በኋላ ታሪኩን እኔም አነበብሁት። በዚህ ታሪክ የምጠራቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ልጁ በ1856 ገደማ ሁሩሙ በሚባል ስፍራ አጠገብ ተወለደ። ስሙ ሂካ ነበር። በኦሮምኛ ትርጉሙ «ተርጓሚ» ማለት ነው። አባቱ ቀድሞ ሞተበት። ባሪያ ነጋዴዎች ሰርቀው ወሰዱት። እንደ ከብት ከጌታ ወደ ጌታ ተሸጠ። ስምንት ጌቶች ተፈራረቁበት። በመጨረሻ በ1870 ምጽዋ ላይ ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነጻ አወጣው። በምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በተባለ ስፍራ ስዊድናውያን ሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ነበራቸው። ሂካ እዚያ ገብቶ ፊደል ቆጠረ። በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀና አናሲሞስ ተባለ። አናሲሞስ ሐዋርያው ጳውሎስ በመልእክቱ የማለደለት ባሪያ ስም ነው። ይህን የእኛን ሰው ሕዝቡ አናሲሞስ ነሲብ ብሎ ያውቀዋል።

ከዚያ ስዊድን አገር ሄዶ አምስት ዓመት ተማረ። እዚያ በደህና ሊኖር ይችል ነበር። እርሱ ግን ያገኘውን ለሕዝቡ ለማካፈል ወደ ወገኖቹ መመለስ ፈለገ። ተመልሶ ምሕረት ኃይሉን አገባ። ከዚያም ጉዞ ጀመረ።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። አገሩ ለመግባት በሱዳን በኩል ሞከረ። ድንበር አጠገብ ፋማካ እስከሚባል መንደር ደረሰ። በሱዳን የማሕዲ አመፅ ስለ ተነሣ መንገዱ ተዘጋ። እርሱም በንዳድ ታመመ። በ1882 ወደ ካርቱም፣ ከዚያም ወደ እምኩሉ ተመለሰ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በሸዋ በኩል ሞከረ። እንጦጦ ድረስ ደርሶ ተመለሰ። አገሩ ቅርብ ነው፤ በሩ ግን ዝግ ነው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ብሆን «እግዚአብሔር አልፈለገኝም» እል ነበር። አናሲሞስ ግን ተቀምጦ አላለቀሰም። «እኔ መግባት ካልቻልሁ መጽሐፉ ይገባል» እንደሚል ሰው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ያዘ።

እዚህም ላይ ችግር ገጠመው። ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ስለ ሆነ የቋንቋው ዕውቀት ለሥራው አልበቃውም። ታዲያ ቃሉን ከየት ያምጣው? እንደ እርሱ ከባርነት ነጻ የወጡ ወገኖች ረዱት። ከእነርሱ አንዷ አስቴር ጋኖ ትባላለች። እርሷም ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ ስትወሰድ በ1886 የጣልያን መርከበኞች ነጻ ያወጧት ልጅ ናት። አስቴር የኦሮምኛ ቃላት ሰብስባ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች። ከእናቶቿ የሰማቻቸውን ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች 500 ያህል በቃሏ አስታውሳ ጻፈች። ባሪያ ነጋዴዎቹ ገላዋን ወሰዱ እንጂ ቋንቋዋን አልወሰዱባትም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

አዲስ ኪዳን በ1893 እምኩሉ ታተመ። በ1894 ከአስቴር ጋር ያዘጋጁት የማንበቢያ መጽሐፍ ወጣ። በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በስዊዘርላንድ አገር ታተመ። የታተመውም በግዕዝ ፊደል ነው። እናንተ አሁን በተማራችሁት በሀ ሁ ማለት ነው።

አናሲሞስ ወለጋ የገባው በ1904 ነው። ከባርነት ከወጣ 34 ዓመት ሆኖት ነበር። አስቴርም አብራ ተመልሳ አስተማረች። መከራው ግን ገና አላለቀም። በ1906 ተከሶ አዲስ አበባ ቀረበ። ከአገር እንዲወጣ ተፈረደበት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ነቀምት እንዲኖር ፈቀዱለት፤ እንዳይሰብክ ግን ተከለከለ። አሁንም በር ተዘጋበት። እርሱ ግን ሥራውን አልተወም። በ1916 በልጅ ኢያሱ ዘመን የመስበክ ፈቃድ አገኘ። በ1931 እስኪሞት ድረስ ሲያስተምር ኖረ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ መከራ የደረሰበትን ሰው «በኃጢአትህ ነው» አንበለው። ያች ማሳዋ የተመታባት እናት አልበደለችም። ያ ልጅ የተሸጠው በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ በሻጮቹ ኃጢአት ነው። በረዶ ደግሞ የጻድቁንም የኃጥኡንም እርሻ ይመታል። ልጄ ለምን እንደ ሞተች እኔ ዛሬም አላውቅም። አውቃለሁ ብላችሁ ዋሸሁ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ እምነት የገበያ ውል አይደለም። «እኔ ልጹም፣ አንተ ዝናብ ስጠኝ» አይባልም። እንዲህ ያመነ ሰው ዝናቡ የቀረ ዕለት እምነቱም ይቀራል። እምነት እንደ ባልና ሚስት ነው። ጐተራው ሲሞላም ባዶ ሲሆንም አብሮ መኖር ነው። ተቆጥቶም ቢሆን ከቤት አለመውጣት ነው።

ሦስተኛ፣ እግዚአብሔርን ማመን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። አናሲሞስ በሩ ሲዘጋበት ከበሩ ወዲህ ያለውን ሥራ ሠራ። ሁለቱ መንገዶች ባይዘጉበት ኖሮ መጽሐፉን መቼ ይጽፈው እንደ ነበር ማን ያውቃል? መዘጋቱ ጥሩ ነበር አልልም። በተዘጋበት ጊዜ ግን ሥራ አልጠፋም። እኛም ከብታችን እንዳይሞት እየጸለይን እናስከትባለን። የከብት ደስታ የሚባለው በሽታ በአፄ ምኒልክ ዘመን የአገሩን ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀን አመጣ። ያ በሽታ ዛሬ ከዓለም ጠፍቷል። መጥፋቱ የታወጀው እንደ ፈረንጆች በ2011 ነው። ያጠፋው ክትባት ነው። ክትባቱን እንዲያገኝ ለሰው አእምሮ የሰጠው ደግሞ እግዚአብሔር ነው ብዬ አምናለሁ።

አራተኛ፣ እግዚአብሔር ብዙ ጊዜ የሚረዳው በሰው እጅ ነው። ለእኔ በባለቤቴ ቃልና በጎረቤቴ መቆፈሪያ መጣ። ለአናሲሞስ በአንዲት ልጅ ትዝታ መጣ።

አሁን ወደዚያች እናት ልመለስ። እህቴ፣ «እንዴት ልመነው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ለምን እንደ ተመታሽ መልስ የለኝም። ጩኺ፤ እርሱ አይቆጣሽም። ደግሞም ብቻሽን አትጩኺ። እኔ ከነገ ወዲያ አንዲት ቁና ዘር ይዤ እመጣለሁ። በረዶ ያልነካው ማሳ ያላችሁ ወገኖቼም አንዳንድ ቁና ብታመጡ ለተመቱት ሁሉ ይበቃል። እግዚአብሔር የት አለ ብለው ሲጠይቁን ቁናውን ይዘን ደጃቸው ላይ እንገኝ።

እናንተም ማታ ማታ አንብቡ። ቤት ውስጥ ማንበብ የማይችል ሰው ካለ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። የእኔ እምነት የተመለሰው ለሌላ ሰው ሳነብ ነው።



ተወያዩበት

1. የኢዮብ ወዳጆች መልካም ያደረጉት መቼ ነው? የተሳሳቱትስ መቼ ነው?
2. አናሲሞስ መንገድ ሲዘጋበት ምን ሠራ?
3. አስቴር ጋኖ ከእናቶቿ የሰማችውን በመጻፏ ምን ጥቅም ተገኘ? እናንተስ ከወላጆቻችሁ የሰማችሁት፣ ሊጻፍ የሚገባው ምን አለ?
4. በመንደራችሁ እህሉ የተበላሸበት ወይም ሐዘን የደረሰበት ሰው ካለ፣ በዚህ ሳምንት ምን ልታደርጉለት ትችላላችሁ?