ስለ ሻይ ቅጠል ግዥ
(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ሻይ ቅጠል ነው። «ለሻይ ደግሞ ንግግር ያስፈልጋል ወይ?» የሚል አይጠፋም። ባለፈው ክረምት በአንድ አባላችን ለቅሶ ላይ የሆነውን ያየ ግን አይስቅም። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱም የእኔው ነው። ዋጋው ቀለለልኝ ብዬ ስም የሌለው፣ በላስቲክ የታሰረ 2 ኪሎ ሻይ ገዛሁ። ገና ውሃ ሲነካው ቀላ፤ እኔም ደስ አለኝ። ሲቀመስ ግን ጣዕም የለው፣ ሽታ የለው። ቢጨመርበት ቢጨመርበት ያው ነው። ለሦስት ቀን ያልነው በሁለተኛው ቀን አለቀ። ከጋዘርና ከቀይ አፈር የመጡ እንግዶች ብርጭቆውን ሳይጨርሱ ሲያስቀምጡ ዓይኔን የት ላድርገው?

በቡናማ ማንም አያታልለንም። ጥሬውን አይተን፣ ለቅመን፣ ቆልተን፣ ወቅጠን ነው የምንጠጣው። ሻይ ግን ጠውልጎ፣ ተፈጭቶ፣ አየር እያገኘ ጠቁሮና ደርቆ ነው እጃችን የሚገባው። ጎሬ አጠገብ ካለው ከጉመሮ ይምጣ፣ ቦንጋ አጠገብ ካለው ከውሽውሽ፣ ወይስ ከኬንያ፣ ዓይቶ የሚለይ ከመካከላችን ማን አለ?

በጥቅል የታሸገ ሻይን በዓለም ላይ ካስፋፉት አንዱ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ነጋዴ ነበር። ቶማስ ሊፕተን በ1871 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በግላስጎ ከተማ አንድ ሱቅ ከፈተ፤ ሱቆቹም በዙ። በ1890 ሲሎን ሄዶ የሻይ እርሻ ገዛና ሻዩን መዝኖ፣ አሽጎ፣ ስሙን አትሞበት ይሸጥ ጀመር። ከዚያ በፊት ብዙው ሻይ ከሣጥን እየተዘገነ ነበር የሚሸጠው። እንግዲህ የጥቅል ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ክብደቱ፣ አሻጊውና ቀኑ ይታወቃል። ልጆቻችሁ ከአዲስ አበባ ትልልቅ መደብሮች የሚልኩላችሁም ቢሆን፣ የመደብሩ ስም ስላለበት ብቻ ጥሩ ነው አይባልም። ባለ መደብሩ ሻዩን አልተከለውም፤ እሱም ከአሻጊ ገዝቶ ነው።

ቀለሙም አያታላችሁ። ደቃቁ ብናኝ ቶሎ ያቀላል፤ ለሻይ ቤት ይመቻል፤ መጥፎ ነው ማለትም አይደለም። ክፉው ቀለም የተነከረው ወይም አንዴ ተፈልቶ እንደገና የደረቀው ነው። ቆንጥራችሁ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ በትኑት። ወዲያው ቀይ ወይም ብጫ ነጠብጣብ ከተወ ተጠራጠሩ። ደህናው ሻይ በቀዝቃዛ ውሃ ቀለሙን የሚሰጠው ቀስ እያለ ነው። እንጨትና ጭረት የበዛበትም አይጠቅምም።

ዋናው ፈተና ግን መቅመስ ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1980 ያወጣው የሻይ አፈላል 2 ግራም ቅጠል በ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ለ6 ደቂቃ ይላል። ይህ ለማወዳደር እንጂ ለመጠጥ አይደለም፤ ይመራል። ሁለት ዓይነት ሻይ እኩል መዝናችሁ፣ በአንድ ዓይነት ውሃ፣ ያለ ስኳር ጎን ለጎን ቅመሱ። ቀረፋና ቅርንፉዱ ይቆይ። እኔ ያን ቀን የሻዩን ጉድ በቅርንፉድ ልሸፍን ሞክሬ ነበር፤ የቅርንፉድ ውሃ ነው የወጣው።

ዋጋውንም በብርጭቆ እናስላ። እንበልና 60 ብር የሆነው 100 ግራም 40 ብርጭቆ ቢያወጣ፣ አንዱ ብርጭቆ 1 ብር ከ50 ነው። 45 ብር የሆነው 25 ብርጭቆ ብቻ ቢያወጣ 1 ብር ከ80 መጣ። ረከሰ ያልነው ተወደደ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሻይ የጎረቤቱን ሽታ ይጠጣል። በጂንካ ዝናብና እርጥበት ደግሞ ቶሎ ይሻግታል። ከሳሙና፣ ከበርበሬና ከላምባ ጋር የተቀመጠ ሻይ ከሱቅ አትግዙ። የእኛንም ግምጃ ቤት አይቻለሁ፤ ሻዩ ከላምባው ጀሪካን አጠገብ ነበር። አሁን ክዳኑ የሚጠብቅ ቆርቆሮ ተገዝቷል።

ለሚቀጥለው ግዥ ሦስት ዓይነት ጥቅል በናሙና አምጥቻለሁ። ዋጋቸውን ጽፌ ከግምጃ ቤቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ቅዳሜ ከገበያ መልስ እናፈላለንና ብርጭቆ ይዛችሁ ኑ። የትኛው እንደሚገዛ እናንተው ቀምሳችሁ ትወስናላችሁ።