ስለ አንዲት አዲስ መኪና ተደጋጋሚ ብልሽት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የማቀርብላችሁ ጉዳይ ከግድቦችና ከድልድዮች አንጻር ሲታይ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ይኸውም በኮልፌ ቀራንዮ፣ ዓለም ባንክ በተባለው ሰፈር የሚኖሩ የአንድ ጎረቤቴ አዲስ መኪና ነው። እኚህ ሰው ጡረታ የወጡ መምህር ሲሆኑ፣ በ2014 ዓ.ም. ያጠራቀሙትን ገንዘብ ከባንክ ብድር ጋር ደምረው አንዲት አነስተኛ የቤንዚን መኪና ገዙ። አሳባቸውም በኪራይ አሠርተው ዕዳውን ለመክፈልና በተረፈው ለመተዳደር ነበር።

መኪናዪቱ ሁለት ወር ሳይሞላት ጧት ጧት አልነሣ አለች። ሻጩ ባትሪ ለወጠ። ጥቂት ቆይቶ የፍሪሲዮኗ ካቦ ከበደ፤ ከዚያም ተበጠሰ። ተለወጠ። ቀጥሎ መብራቷ ይደበዝዝ ጀመር፤ ሌላ ባትሪ ገባ፤ አዲሱም ካቦ ዳግመኛ ተበጠሰ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው «ባትሪ» ብሎ ይጽፋል፤ መካኒኩ «ካቦ» ብሎ ይጽፋል፤ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ የተመለከተ ግን አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ነው «ልጄ፣ አንተ መሐንዲስ አይደለህምን?» ብለው የጠሩኝ። ጥፋቴን ሳልደብቅ ልናገር። ባትሪውን ብለካ 12.6 ቮልት አሳየ፤ ጤነኛ ነው። ከዚህ በላይ ሳልመረምር የፊውዝ ሳጥኑን ከፍቼ የላላ የመሰለኝን ሽቦ ሁሉ አጥብቄ በናስትሮ ጠቀለልሁ። በሳምንቱ መኪናዪቱ ቆመች። የሻጩ ባለሙያዎችም ናስትሮውን ባዩ ጊዜ «የውጭ እጅ ገብቶበታል፤ ዋስትናው ቀርቷል» አሉ። ሽማግሌው አንድም ቃል አልወቀሱኝም፤ ይህም ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ።

ወረቀቶቹን ሰብስቤ በቀን ቅደም ተከተል የደረደርኋቸው ከዚህ በኋላ ነው። ካቦው የሚበጠሰው ሁልጊዜ መኪናዪቱ አልነሣ ብላ በሰነበተችባቸው ቀናት ማግስት ሆኖ አገኘሁት። ሞተሪኖው በሚዞርበት ቅጽበት በባትሪው ኔጋቲቭ ራስና በሞተሩ ብረት መካከል ስለካ፣ ከግማሽ ቮልት ማለፍ የማይገባው ልዩነት ከ4 ቮልት በላይ ሆነ። ሞተር በላስቲክ ትራስ ላይ የሚቀመጥ ስለሆነ ኮረንቲው የሚመለስበት መንገድ የኧርዝ ገመዱ ነው፤ ይህ ገመድ ግን ቀለሙ ባልተፋቀ ብረት ላይ ታስሮ ነበር። ሞተሪኖ 200 አምፔር ያህል በሚስብበት ጊዜ 0.02 ኦም ብቻውን 4 ቮልት ይበላል። መንገድ የጠበበው ኮረንቲ በፍሪሲዮኑ ካቦ በኩል ሲመለስ ካቦው ይግላል፤ የውስጥ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ ክሩም እየተቃጠለ ይበጠሳል። ዲናሞውም በዚያው ሞተር ላይ የተተከለ ነውና ባትሪውን በቅጡ አይሞላም። ቀለሙን ፍቆ ቡሎኑን ማጥበቅ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ ጉድለት ባገኘ ጊዜ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ጎረቤቴ ሁልጊዜ ያስታወቁት በቃል ነበር። ልኬቱንና ፎቶግራፉን አያይዘን በጽሑፍ ካቀረብን በኋላ ሻጩ የካቦውን ዋጋ መለሰ፤ መኪናዪቱ ለቆመችባቸው ቀናት ግን ምንም አልከፈለም። ባንኩ ደግሞ እነዚያን ቀናት አልቀነሰም።

በጥር 2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ የሚመስላቸው ባልደረቦች አሉ። ነገር ግን በኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን መቆጣጠሪያዎቹን የሚያነቃው አብዛኛውን ጊዜ ያው 12 ቮልት ባትሪ ነው። በቅርቡ ሌላ ጎረቤት የኤሌክትሪክ መኪናቸው ጧት አልነቃ ብላ ጠሩኝ። መፍቻዎቼን ቤት ትቼ ቮልት መለኪያዬን ብቻ ይዤ ሄድሁ፤ አስቀድሜም የጋራዡን ወረቀቶች ጠየቅሁ።